በጡረታ የሚገለሉ የጽዳት ሠራተኛና በፈቃዱ የለቀቀ ባልደረባ በአንድ ወር ሲለዩን ሽኝቱን እንዴት እናድርገው?

ጠያቂ፦ የኮሚቴው ሰብሳቢ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በሐዋሳ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የምሠራ ስሆን፣ የሠራተኞች የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነኝ። ከደመወዛችን በየወሩ ጥቂት ብር እያዋጣን ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለአራስ ጥየቃና ከሥራ ለሚሰናበት ባልደረባ እናውላለን። በዚህ ወር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ የሚገለሉ ሲሆን፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ለቆ ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠራ ሌላ ድርጅት ይሄዳል።

እስካሁን በነበረው ልማዳችን የክፍል ኃላፊ ሲሄድ ሐይቅ ዳር ሆቴል ምሳ ይጋበዛል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ሰዓት ይበረከትለታል፤ ሌላው ሠራተኛ ሲሄድ ግን ቢሮ ውስጥ ቡና ተፈልቶ «መልካም ዕድል» ተብሎ ይታለፋል። ያንን ቡና ሁልጊዜ የሚያፈሉት ደግሞ አሁን የሚሰናበቱት እናት ናቸው። ቄጤማውን ጠዋት ከገበያ ይዘው የሚመጡት፣ የኃላፊዎች ንግግር ሲረዝም ሁለተኛውን ጀበና አስቀድመው የሚጥዱት እሳቸው ናቸው። ስለ ራሳቸው ሽኝት ስናነሣባቸው «ለእኔ አትድከሙ፣ ሰው ፊት መቆም አልችልበትም» አሉን። ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው ጥሎን ለሚሄድ ሰው ገንዘብ አይወጣም ብለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የቀድሞው ደቡብ ክልል ሠራተኛ

ወንድሜ፣ የሽኝት ብዛት ያየ ሰው ቢኖር በዚህች ከተማ የምንገኝ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ፈርሶ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ፣ ሐዋሳ ላይ ቤት ሠርተን ልጅ ያሳደግን ሰዎች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕና ተበተንን። መጀመሪያ ላይ በየክፍሉ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ የሸኘ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ተሸኚ ስለሆነ ኪሱ ተራቆተ፣ ሰውም በንግግር ሰለቸ። በመጨረሻ የእኛ ክፍል ጋቢውንም የመስታወት ዋንጫውንም ትቶ፣ የተዋጣውን ገንዘብ ዕቃ ለሚጭነው አይሱዙ ኪራይ አዋለው። ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን የባልደረባችንን ቁም ሣጥንና አልጋ ከፎቅ አውርደን ስንጭን የተባባልነው፣ በአዳራሽ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይበልጥብኛል። ስለዚህ ከስጦታው በፊት ተሸኚው ምን እንደሚቸግረው መጠየቅ ይሻላል።

ሥራ አስኪያጁ ስላሉት ግን፣ መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ እስከተቆረጠ ድረስ ለማን እንደሚወጣ የመወሰን ሥልጣን የኮሚቴው ነው። የሒሳብ ባለሙያውም ሲያዋጣ ኖሯል።

መልስ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰው ተከፍቶ የሚሄደው ድግስ ስላልተደገሰለት ሳይሆን ክሊራንስ (ከዕዳና ከንብረት ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት) ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ ስለሚንከራተት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ መብቱ ነው፤ ክህደት አይደለም። ድርጅቱም የሚገባውን ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል፣ እንዲሁም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታው ነው። የሒሳብ ባለሙያ ሲሆን ርክክቡ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሰነዱንና የይለፍ ቃሉን የሚረከበው ሰው ከወዲሁ እንዲመደብ አሳስቡ።

የእናታችን ጉዳይ ግን ያሳስበኛል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ በ60 ዓመት የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት የተመዘገበ አገልግሎት ያስፈልጋል። ከደመወዛቸው የተቆረጠው 7 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ በየወሩ ገቢ መደረጉን፣ ስማቸውና የልደት ዘመናቸውም በመታወቂያቸውና በጡረታ ቅጻቸው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከመሰናበታቸው በፊት አረጋግጡ። በአንድ ፊደል ልዩነት ወራት የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ። ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሯቸው ማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ቢሄድ፣ እኔ በበኩሌ ከሰዓቱ አስበልጠዋለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ፣ «አትድከሙ» ማለታቸውን እንዳለ እንዳትወስደው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሦስት ጊዜ ሳይለመን እሺ አይልም። ሰው ፊት መቆም አልችልም ማለታቸው ግን እውነት ሊሆን ስለሚችል መድረክ ላይ አታውጧቸው፣ ንግግርም አታስደርጓቸው። በዕለቱ ከመካከል ተቀምጠው ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላላቸው፤ ቢቻል ከኃላፊዎቹ አንዱ ይቁላው፤ ቢያሳርረውም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ በእሑድ ቀን ጥቂት ሆናችሁ ቤታቸው ድረስ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፤ ስኳርና ቡና መያዝ አይቅርባችሁ።

ስለ ምግቡም ልንገርህ። የሐዋሳ ሰው ግብዣ ሲባል ዓሣ ይቀድመዋል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ግን ሽኝት ሲበላሽ አይቻለሁ። የሥጋ ነገርም ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚሠሩበት ቤት ሁለት ዓይነት ዝግጅት ይጠይቃል። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ማንንም ከገበታ አያስነሣም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ተሰብስበን ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በእኩል ወጪ፣ በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሽኝት እንዲደረግ ወስነናል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሒሳብ ባለሙያው አሁንም ቅር ቢላቸውም አልከለከሉንም፤ ይገኙ እንደሆነ ግን አላውቅም። የጡረታ ቅጹን ስናይ የእናታችን የአያት ስም መታወቂያቸው ላይ ካለው በአንድ ፊደል ተለይቶ ስላገኘነው፣ ነገ ጠዋት ከአንዲት የኮሚቴ አባል ጋር ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳሉ። ሽኝቱ ረቡዕ ስለሚውል ድፎ ዳቦው ያለ ቅቤና ያለ ወተት እንዲጋገር አዝዘናል።