ፎቶሾፕ፦ ውስጡ ክፍት የሆነ ፊደል ማዕዘኑ እየተጠጋጋ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለቲሸርት ህትመት የሚሆን የስቴንስል (ተቆርጦ ቀለም የሚያልፍበት ቅርጽ) ስራ ይዤ ጽሑፉ ላይ ተጣብቄያለሁ።

ፎቶው ደህና ነው። ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ፣ ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) 2 ፒክስል ሰጥቼ፣ ትሬሾልዱን (ጥቁሩን ከነጩ የሚለየውን ወሰን) 118 ላይ አድርጌዋለሁ። ብለሩ ካልቀደመ የቆዳው ሸካራነት የቡና ዱቄት የተበተነበት ይመስላል። ነጩን በከለር ሬንጅ መርጬ አጥፍቼዋለሁ።

የጽሑፉ ጠርዝ ብቻ እንዲታይ ፊሉን፣ ማለትም የፊደሉን የውስጥ ቀለም፣ 0% አድርጌ (የሌየሩ ጠቅላላ ኦፓሲቲ ከተነካ ስትሮኩም፣ ማለትም የጠርዙ መስመር፣ አብሮ ይጠፋል) በሌየር ስታይል 8 ፒክስል ስትሮክ ጨመርኩ። የስትሮኩ ፖዚሽን አውትሳይድ (ከፊደሉ ውጭ) ሲሆን የ«በ» እና የ«ከ» ሹል ማዕዘኖች ይጠጋጋሉ። ኢንሳይድ (ወደ ፊደሉ ውስጥ) ሳደርገው ማዕዘኑ ይስተካከላል፤ ነገር ግን የፊደሎቹ እግር ስፋት 14 ፒክስል ገደማ ስለሆነና ከግራም ከቀኝም 8 ስለሚገባበት ውስጡ ድፍን ይላል። ፊደሉን ማወፈር ደግሞ አልፈልግም፣ መልኩ ይበላሻል።

ኮንቨርት ቱ ሼፕ አድርጌ (ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሬ) የስትሮኩን ኮርነር ማይተር (ሹል ማዕዘን) ብለው ሹል እንደሚወጣ አውቃለሁ። ግን በየቲሸርቱ ላይ ስሙ ስለሚቀያየር ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ መቆየት አለበት። ሼፕ ከሆነ በኋላ በኪቦርድ ማስተካከል የለም።

ጽሑፉን ሳላጠፋ ከውጭ በኩል ሹል ጠርዝ የማገኝበት መንገድ አለ? ወይስ ጽሑፉን ኢለስትሬተር (የቬክተር ስዕል ፕሮግራም) ላይ ሰርቼ እንደ ስማርት ኦብጀክት (ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቶም ሊስተካከል የሚችል ፋይል) ላምጣው?

ሌላም አለ፦ ይኸው ዲዛይን በካርቶን ተቆርጦ ለስፕሬይ ይውላል። ጠርዙ ዙሪያውን ከተቆረጠ የፊደሉ ሆድ ሙሉ በሙሉ ስለሚወድቅ ድልድይ (ሆዱን ከዙሪያው ካርቶን ጋር የሚያያይዝ ያልተቆረጠ ቦታ) ልተውለት ነው። 3 ሚሊሜትር ይበቃል? በ«ወ» እና በ«ዐ» ላይስ የት የት ብታደርጉት ይሻላል ትላላችሁ?