መኪና ሲታጠፍ ጎኑን የሚያበራው መብራት፦ ይኑር ወይስ ይከልከል?

የማታ ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ሲታጠፍ በሚታጠፍበት በኩል ብቻ በርቶ ጎኑን የሚያሳየው መብራት፣ ኮርነሪንግ ላይት ወይም የማዕዘን መብራት የሚሉት፣ ይኑር ወይስ ይከልከል? እንከራከርበት። ፍሬቻ ማለቴ አይደለም። ፍሬቻ "ልታጠፍ ነው" ብሎ ለሌላው ይናገራል፤ ይሄኛው የሚሠራው ለሾፌሩ ነው።

እኔ ይኑር ባይ ነኝ። አንድ ሌሊት ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጠባብ መንገድ እየታጠፍኩ ነበር። አጭሩ መብራት በርቷል፤ የሚያሳየኝ ግን ፊት ለፊት ያለውን አጥር ነው። መሪውን ማዞር ስጀምር የቀኙ የጎን መብራት በራ። መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጫማ ነው። ቀጥሎ ጥቁር ጃኬት። ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለት የሚያስገባ ሰው፣ መታጠፊያው ውስጠኛ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ፍሬን ያዝኩ። ቀና ብሎ እጁን አነሳልኝና ብስክሌቱን ወደ ዳር ሳበ። ከጎማዬ እስከ እሱ ሁለት እርምጃ አይሞላም ነበር። የፊት መብራቴን ብጠብቅ ኖሮ እሱ ጋ የሚደርሰው መኪናው ፊቱን ካዞረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ብስክሌተኛዋ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ሰውየው ተረፈ። እኔ ግን የምቆመው ከመብራቱ ማዶ ነው። መጋጠሚያ ላይ አንድ እግሬን መሬት አሳርፌ ስጠብቅ፣ ወደኔ በኩል የሚታጠፈው መኪና ድንገት ነጭ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ይለቅብኛል። ለጥቂት ሰከንድ ጨለማ ነው። የአስፋልቱን ጠርዝ አላይም፤ ፍሬቻውንም አላየሁትም፣ ነጩ ብርሃን ውጦታል። ሾፌሩ እኔን አየኝ እንበል፤ እኔ እሱን ካጣሁት ምኑን ተረፍኩ? ይከልከል ባይ ነኝ።

ደንብ አንባቢ፦
ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ዓይነት መብራት አልመሰለኝም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 119 ስለ መብራቱ ስለራሱ፣ ቁጥር 48 ደግሞ ስለ አገጣጠሙ ይደነግጋሉ። በእነዚህ መሠረት መብራቱ ግዴታ አይደለም፤ የገጠመ ግን እንደፈለገ አያበራውም። ቀለሙ ነጭ ብቻ ነው። ዋናው የፊት መብራት ካልበራ አይበራም። የሚበራው በራሱ እንጂ በሾፌሩ ማብሪያ አይደለም፤ ያም በዚያው በኩል ፍሬቻ ሲበራ ወይም መሪው ወደዚያው ሲዞር ነው። መሪው ሲቃና ወይም ፍሬቻው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መኪናው በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ጨርሶ እንዲበራ አይፈቀድም። ከመሬት ያለው ከፍታ ከ250 ሚሊ ሜትር አያንስም፣ ከ900 አይበልጥም። ሁለቱም ባንድ ላይ እንዲበሩ የሚፈቀደው የኋላ ማርሽ ሲገባ ነው።

እህቴ ላነሳሽው የዓይን ነገርም ልክ ተቀምጦለታል። ብርሃኑ ወደ ጎን በ45 ዲግሪ፣ ከአግድም መስመር 2.5 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ቢያንስ 400 ካንዴላ (የብርሃን ብርታት መለኪያ ነው) መስጠት አለበት። ከአግድም መስመር በላይ ባለው የመጀመሪያ አንድ ዲግሪ ውስጥ ግን ከ600 ካንዴላ ማለፍ አይችልም፤ ከዚያም በላይ ከ300። ደማቁ ክፍል፣ እስከ 14000 ካንዴላ የሚፈቀደው፣ ከ0.57 ዲግሪ በታች፣ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ዓይንሽ ውስጥ የገባው ይህን የሚያከብር መብራት አይመስለኝም።

ብስክሌተኛዋ፦
ወረቀቱን አልጠላሁትም። ግን እኔ መንገድ ላይ የሚገጥመኝን ነው የምናገረው። ግማሹ የጭጋግ መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ የሚሄድ ነው። ግማሹ ባምፐሩ ሥር ኤልኢዲ ያሰረ ነው። ከሩቅ ሆኜ የትኛው ደንብ ያከበረ፣ የትኛው ያላከበረ እንደሆነ በምን ልለይ? የሚቆጣጠረውስ በምን ይለያል?

ኤሌክትሪሻኑ፦
ለሚቆጣጠረው ምልክት አለው። የመብራቱ መስተዋት ላይ በክብ ውስጥ E ፊደልና ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ ከአጠገቡ K ካለ ለማዕዘን መብራትነት የተፈተነ ነው። B ወይም F3 ከሆነ የፊት የጭጋግ መብራት ነው። ባንድ የመብራት ቤት ውስጥ ሁለቱም ምልክት ያለበት አለ፤ ብዙ ፋብሪካዎች የጭጋጉን መብራት ለማዕዘንም እንዲያገለግል አድርገው ይሠሩታል፤ ያ ችግር የለበትም።

ችግሩ በኋላ የሚቀጠለው ነው። አንድ ደንበኛ "ፍሬቻ ሳበራ የጎኑ አብሮ ይብራ" ብሎ ሌላ ቦታ አሠርቶ አመጣልኝ። የሠራው ሰው ገመዱን በቀጥታ ከፍሬቻው አምፖል ነው የሳበው። ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ነጩም አብሮ ብልጭ ድርግም ሲል መንገደኛው የአምቡላንስ መስሎት ይደናገጣል። ሪሌ (ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አልገባለት፣ ፍጥነት የሚያነብ ነገር የለው፤ በ80 እየሄደ ረድፍ ሲቀይርም ይበራል። ፈትቼ አወጣሁት። እህታችን "ፍሬቻውን ዋጠው" ያለችውም እውነት ነው፣ ሙያው ያውቀዋል። የፊት ፍሬቻ ከአጭሩ መብራት ወይም ከጭጋጉ መብራት 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከራቀ 175 ካንዴላ ይበቃዋል፤ ከ20 በታች ከቀረበ ግን 400 እንዲሰጥ ይገደዳል። መብራት በነሲብ አጠገቡ ሲታከል ይህ ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

የአሮጌ መኪና ወዳጅ፦
ልጆቼ፣ ሙግቱ አዲስ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው ናቸው) በ1948 የወጣው ተከር የሚባል የአሜሪካ መኪና መሃል ግንባሩ ላይ ሦስተኛ መብራት ነበረው፤ መሪው ከ10 ዲግሪ በላይ ሲዞር አብሮ ይዞር ነበር። ከሁለት በላይ የፊት መብራት የሚከለክሉ ግዛቶች ስለነበሩ መሸፈኛ ተሠራለት። በ1967 የፈረንሳዩ መኪና ሲትሮየን ዲኤስ ከመሪው ጋር የሚዞሩ የፊት መብራቶች ይዞ መጣ፤ አሜሪካ ግን አልፈቀደችውም። በዚያው አገር ካዲላክ በ1962 ፓራፋንጎው ላይ የማዕዘን መብራት ይዞ ሲወጣ ማንም አልነካውም። አሁንም የአሜሪካ ፌዴራል የመኪና ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 108 አያስገድደውም፣ አይከለክለውምም፤ የሚለው፣ የተጨመረ መብራት የግዴታዎቹን ሥራ አያውክ ነው። በተጨማሪ፣ የኢንሹራንስ ጥናት በ2012 እንዳሳየው ከመሪ ጋር የሚዞር መብራት ያላቸው መኪኖች በሌላ ሰው ንብረት ላይ ያደረሱት ጉዳት የካሳ ጥያቄ እስከ 10 በመቶ ቀንሷል። ጠቃሚ ነው!

ደንብ አንባቢ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ስላነሱልን አመሰግናለሁ፤ ጥናቱ ግን ለዚህ ክርክር አይሆንዎትም። የተጠናው ዋናው መብራት ራሱ ኩርባውን ተከትሎ ሲዞር ነው። እሱ ለፈጣን ኩርባ ነው፤ የሚዞረውም 15 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ የምናወራው በእርምጃ ፍጥነት ለ90 ዲግሪ መታጠፊያ፣ ወደ ጎን ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ስለሚያበራው ነው። ቁጥሩን ከአንዱ ወስደን ለሌላው ብንሰጥ እህታችንን በሐሰት ማስረጃ ረታን ማለት ነው።

የአሮጌ መኪና ወዳጅ፦
ልክ ነህ። ቁጥሩን አንስቻለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም።

ብስክሌተኛዋ፦
እንግዲያው አቋሜን ላስተካክል። ከፋብሪካው K ይዞ የመጣውን አልቃወምም። በኋላ የሚቀጠለው ግን ሙሉ በሙሉ ይከልከል። "በትክክል ከተገጠመ ይፈቀድ" ማለት ለእኔ ዋጋ የለውም፤ ሌሊት ማን ቆሞ ይለካል?

ኤሌክትሪሻኑ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ይህ መብራት የሌላቸው አሮጌዎቹ ናቸው፤ የፊት መብራታቸውም የደከመ እነሱው ናቸው። በጣም የሚያስፈልገው እነሱን ነው። K ያለበትን መብራት ገዝቶ፣ በሪሌ፣ ፍጥነቱን ከሚያነብ መቆጣጠሪያ ጋር አስሮ፣ በምርመራ ቀን ያሳይ። ልክ መሆኑን ማየት ከባድ አይደለም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙት። መብራቱ በሚያይበት አቅጣጫ፣ ወደ ጎን በ45 ዲግሪ ገደማ፣ 5 ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ ይኑር። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለኩና ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ በጠመኔ አስምሩ። ከመስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ አስምሩ። ደማቁ ብርሃን ከታችኛው መስመር ወደ ላይ ካለፈ ያስቸግራል፤ ዝቅ ይደረግ።

ብስክሌተኛዋ፦
ከፋብሪካ የመጣውም ቢሆን ባምፐሩ ተገጭቶ ከተጠገነ በኋላ እዚያው ቦታው ላይ እንደሚቀር ማን ዋስ ይሆነኛል? የማታው ሾፌር፣ ያንተን ለክተኸው ታውቃለህ?

የማታ ሾፌር፦
አላውቅም ነበር። ትናንት ማታ ለካሁት። መስተዋቱን ጠርጌ K ፊደሏን አገኘኋት። የግራው ከታችኛው መስመር በታች ነው፤ ደህና ነው። የቀኙ ግን ከላይኛው መስመር አራት ጣት አልፎ ወጥቷል። በዚያ በኩል ባምፐሩ አንዴ ተነቅሎ ተገጥሟል። ብስክሌት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዓይኔን ከፍ አድርጌ ከፊቱ ቆምኩ፤ ልጄ ከውስጥ መሪውን አዞረልኝ። ፊቴን አዞርኩ። እህቴ፣ ይኑር የሚለው አቋሜ እንዳለ ነው፤ የኔው መብራት ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ሲያስቸግር ኖሯል። ብሎኑን አላልቼ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ማታ እንደገና እለካዋለሁ፤ የጠመኔው መስመር ግድግዳው ላይ አለ።