የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የሚጣበቅበት ተቀባይ ስለተገኘ ብቻ የበግና የፍየል ወተት ይመርመር?

የእንስሳት ሐኪም፦
እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አሜሪካ ውስጥ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን የሚታለቡ ላሞች ላይ ተገኘ። ብዙዎቻችን ደነገጥን። ኢንፍሉዌንዛ ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ሳንባ ነዋ! ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር ላይ ተጣብቆ ነው። "ተቀባይ" የምንለው ይህንን ነው። የላም መተንፈሻ ላይ ለወፍ ቫይረስ የሚስማማው ዓይነት እምብዛም የለም። ግቷ ውስጥ ግን ሞልቷል። በኋላ ሲታይ በበግ፣ በፍየልና በአሳማ ጡትም ተገኘ። ስለዚህ የበግና የፍየል ወተትም በቋሚነት ይመርመር ባይ ነኝ። እስኪታመሙ ለምን እንጠብቃለን?

አርቢ፦
ዶክተር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ተቀባይ አለ ማለት በሽታ አለ ማለት አይደለም። ምርመራ ለእናንተ ናሙና ነው። እኛ ዘንድ ግን ውጤቱ እስኪመጣ መንጋው አይንቀሳቀስም። ወተቱ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። "ሊሆን ይችላል" ተብሎ ይሄ ሁሉ ጣጣ አነስተኛ አርቢ ላይ መጫን የለበትም።

ተመራማሪ፦
አርቢው ያነሱት ቀላል ነጥብ አይደለም። መጣበቅ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ የእንስሳውን ፕሮቲን ተጠቅሞ መባዛት አለበት። ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድም ያስፈልገዋል። አሳማን ውሰዱ። የወፍ ቫይረስም የሰው ቫይረስም የሚጣበቅበት ዓይነት ተቀባይ አለው፤ የ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም የመጣው ከአሳማ ነው። ኤች5ኤን1 ግን በሙከራ ከአሳማ ወደ አሳማ በቀላሉ ሲተላለፍ አልታየም።

ላሞቹ ዘንድ መንገድ የሆነው ማለቢያው ነው። የታመመች ላም ወተቷ ይቀንሳል፣ ይወፍራል፣ ቢጫ ሆኖ እንገር ይመስላል። በቫይረስ የተሞላ ነው። ያው ማለቢያ ማሽን ከእሷ ተነቅሎ ቀጣይዋ ላይ ይገጠማል። ጥሬውን ወተት የጠጡ የእርሻ ድመቶች ሞተዋል። ወተቱ ፓስቸራይዝ ሲደረግ፣ ማለትም ጀርም እንዲሞት ሲሞቅ ግን ቫይረሱ ይሞታል።

አላቢ፦
ይሄን ሁሉ ስታወሩ እኛን ማንም አላነሳንም። ስናልብ ወተቱ ፊታችን ላይ ይረጫል። አሜሪካ ውስጥ ከላም የተያዙት ሠራተኞች ዋናው ምልክታቸው የዓይን መቅላት ነበር። መነጽርና ጓንት ሳይታደለን ስለ ፍየል ምርመራ መከራከር ምን ይሉታል?

የእንስሳት ሐኪም፦
ልክ ነህ ወንድሜ። የዓይናችን ሽፋንም የወፉ ዓይነት ተቀባይ አለው። መከላከያው ዛሬውኑ ይሰጣችሁ። የምርመራውን ቦታ ግን አይሸፍንም። "ሊሆን ይችላል" ለተባለው ደግሞ፣ ሆኗል እኮ! በ2024 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የፍየል ግልገሎች ተይዘዋል። በ2025 እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ አንዲት በግ ተገኝታለች። ቫይረሱ የታየው ወተቷ ውስጥ ነው። ባይፈለግ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

አርቢ፦
እሱኑ ምሳሌ ልመልስልዎት። በጓ የተመረመረችው እዚያው ግቢ ያሉ ወፎች ስለታመሙ ነው። የአገሩ በግ ሁሉ አልተመረመረም። የሚኒሶታዎቹም ግልገሎች በሽታው ከገባባቸው የቤት ወፎች ጋር ነበሩ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው፦ ወፍ የታመመበት ቦታ ፈልጉ።

ተመራማሪ፦
እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። ከየእንስሳው ሳይሆን ከወተት ማጠራቀሚያው አንድ ናሙና ቢወሰድ ሸክሙም ይቀላል። ቸልታን ግን አልቀበልም። በ2024 መጨረሻ የወጣ ጥናት በላሞች መካከል የሚዞረው ቫይረስ መጣበቂያ ፕሮቲን ላይ አንዲት ለውጥ ብቻ ብትፈጠር ምርጫው ከወፍ ተቀባይ ወደ ሰው ተቀባይ እንደሚዞር አሳይቷል። የላም ግት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት አለ። እዚያ በቆየ ቁጥር ይህች ለውጥ የመፈጠሯ ዕድል ይሰፋል።

የእንስሳት ሐኪም፦
በማጠራቀሚያው ናሙና እስማማለሁ። "ወፍ የታመመበት ብቻ" የሚለው ግን አይዋጥልኝም። የዱር ዳክዬ ሌሊት መጥታ ከገንዳው ጠጥታ ብትሄድ ማን ሪፖርት ያደርጋል? የዘረመል ትንተናው እንደሚያሳየው ቫይረሱ ከወፍ ወደ ላም የተሻገረው ከመገኘቱ ወራት ቀደም ብሎ ነው። እነዚያን ወራት ያጣነው ላም ላይ ማንም ስላልፈለገ ነው። በበግና በፍየል ልንደግመው ነው?

አርቢ፦
እንግዲያው ካሳውን ቀድማችሁ ጻፉት። አሜሪካ ላሞቻቸው ለታመሙባቸው ሰዎች ለጠፋው ወተት ካሳ ከፍላለች። የበግና የፍየል አርቢም ያንን ዋስትና ያግኝ እንጂ ናሙናውን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።