ክርክር፦ የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች በቀበሌ የተመዘገበ ሥራ ፈላጊ ብቻ ይቅጠሩ?

ጠባሴ ሰፈር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬውን መከራከሪያ ላስቀምጥ። ፋብሪካዎቻችን የጉልበት ሠራተኛ ሲፈልጉ ወይ ከበር ላይ ይመርጣሉ፣ ወይ ለደላላ ይነግራሉ፣ ሲመቻቸው ደግሞ ሥራ ፈላጊ ከሚመዘግበው የቀበሌ አንድ ማዕከል አገልግሎት ስም ዝርዝር ይጠይቃሉ። እኔ የምለው፣ ክልሉ መመሪያ አውጥቶ ሁለቱን በር ይዝጋ። ምዝገባው በነፃ ነው። ሕጋዊ የሆነ የግል አገናኝ ኤጀንሲ እንኳ አገር ውስጥ ለሚቀጠር ሰው ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም፤ የኛ ደላላ ግን ከመጀመሪያ ደመወዝህ ላይ ነው የሚቆርጠው። ተቃዋሚ ካለ ይምጣ።

የመንዝ ልጅ፦ አለሁ። ከሞላሌ ነው የመጣሁት፣ የዚህ ከተማ ቀበሌ መታወቂያ የለኝም። ያንተ መመሪያ ከወጣ መጀመሪያ የሚዘጋው በእኔ ላይ ነው። በዚያ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከተሰለፍኩ ፎርማኑ ቢያንስ ቁመናዬን ያየኛል። ቀበሌ ግን «መሸኛ አምጣ» ይለኛል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው ወንድሜ።

ጠባሴ ሰፈር፦ ፋይዳ አውጣና ሞላሌ ተመዝገብ። የሥራ ገበያው መረጃ ሥርዓት እኮ አገር አቀፍ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ሥርዓቱ አገር አቀፍ ነው፣ ዝርዝሩን የሚልከው ሰው ግን የሰፈርህ ልጅ ነው። 😄

ስፌት ክፍል፦ ሁለታችሁም በሩ ላይ ቆማችሁ ነው የምትከራከሩት። እኔ በቀበሌው ስም ዝርዝር ነው የገባሁት፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ለደላላ አምስት ሳንቲም ሳልከፍል። ከዚያስ? የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላሉ። እኛ መስመር ላይ 60ው ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው «አልቻላችሁም» ተብለን በጅምላ ወጣን። በወሩ ደወሉልን። ያው ማሽን፣ ያው ኮሌታ፣ ሙከራው ግን እንደገና ከአንድ ተጀመረ። አዋጁ በዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ የተመለሰን ሠራተኛ ዳግም ለሙከራ መቅጠር አይቻልም ይላል። ይህን ማን መጥቶ አየ? ስሜን የላከው ቀበሌ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ እንኳ አልደወለልኝም።

ጋሼ ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ማኅበር የላችሁም? እኛ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሳለን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል እኮ።

ስፌት ክፍል፦ ጋሼ፣ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ፊርማ ሲያሰባስብ ቢታይ የሚሆነውን እርስዎም ያውቁታል።

ቢሮ ያለሁ፦ እኔ አንድ ማዕከል ላይ ነው የምሠራው፣ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ይቅርብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ። ከተመዘገበው ብዙው ፋብሪካ ለመግባት ብሎ አልተመዘገበም። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ከታወጀ ጀምሮ ሰው «ሥራ ፈላጊ» ብሎ የሚጽፈው ተደራጅቶ ብድርና ሼድ ለማግኘት ነው። ፋብሪካው «ለነገ 80 ሰው» ብሎ ይደውላል፤ እኛ መዝገብ ገልጠን ስንደውል ግማሹ ስልክ ዝግ ነው፣ የተነሳው ደግሞ «ሼዱ መቼ ነው?» ይለናል። ስለዚህ ጠባሴ፣ ግዴታ ብታደርገው ፋብሪካው ወይ ሰው ያጣል ወይ ደላላው ያመጣውን ሰው እኛ ጋ አስመዝግቦ ይወስዳል። ሁለተኛውን አሁንም አይቼዋለሁ።

ሌላው ደግሞ ሪፖርቱ ነው። ስፌት ክፍል የተቀጠረች ዕለት «ቋሚ የሥራ ዕድል የተፈጠረላት» ተብላ ተቆጥራለች። ስትባረር አልተቀነሰችም። እንደገና ስትቀጠር ሁለት ሰው ሆናለች።

ጠባሴ ሰፈር፦ ኧረ! ይሄማ ሌላ ክርክር ነው።

ስፌት ክፍል፦ ሌላ አይደለም፣ ዋናው ይሄ ነው። ቢሮው የሚለካው በገባ ሰው ብዛት ከሆነ የትኛውም በር ቢከፈት ለእኔ ለውጥ የለውም። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው በ70ኛው ቀን ያንን ስም ዝርዝር ይዞ ፋብሪካ ይግባና ማን እንዳለ ይቁጠር። የደመወዝ ወረቀትም ይይ። ከእኔ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ይጨምራል። በ3,000 ብር ደመወዝ ላይ 210ና 330 ማለት ነው፣ በየወሩ 540። ገቢ መደረጉን የማየው እኔ ነኝ ወይስ መንግሥት?

የመንዝ ልጅ፦ ለዚህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ግን በሩ ላይ የተመረጠውም ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ፋብሪካው የቀጠረውን ሁሉ፣ በየትም ይምጣ፣ ለቢሮው ያሳውቅ።

ጠባሴ ሰፈር፦ «ብቻ» የሚለውን ቃል አነሳለሁ እንግዲህ። ደላላው ግን?

ቢሮ ያለሁ፦ እንዲያ ከተደረገ ደላላውም ይታወቃል፤ ተቀጣሪውን በማን በኩል መጣህ ብሎ መጠየቅ ነው። የኛ ችግር የሰው ኃይል ነው፤ ለቁጥጥር ሲወጣ መኪናው ሌላ ስብሰባ ላይ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው፦ ስብሰባው የሥራ ዕድል ፈጠራ ነዋ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ከአራት ወር በፊት የሠራሁትን ትርፍ ሰዓት አልከፈሉኝም፣ አሁን ሥራውን ለቅቄያለሁ። አልፎብኛል?

ስፌት ክፍል፦ አላለፈብህም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ይርጋው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ወደ ሥራ ልመለስ ለሚል ግን 3 ወር ብቻ ነው፣ እንዳትደባልቀው። የሰዓት መቆጣጠሪያህን ፎቶ ካለህ ያዝ፤ በቀን የሠራኸው በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75 ነው የሚባዛው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።