«እናንተም ዝም ትላላችሁ» የሚለው ቃል ለእኔ ነበር?

ሰላም ከቤይሩት

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ቤይሩት ነው። የሰው ቤት እሠራለሁ፤ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ የማነበው ሌሊት ነው። ማዳም ከተኛች በኋላ፣ ኩሽናው አጠገብ ባለችው ክፍሌ፣ በስልኬ መብራት። መጽሐፉ የ1954ቱ ትርጉም ነው፤ እናቴ ስትሸኘኝ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችልኝ። ልማዴ እንዲህ ነበር፦ እጸልይና ዓይኔን ጨፍኜ እገልጠዋለሁ። ጣቴ ያረፈበትን «የዛሬ ቃሌ» ብዬ እይዛለሁ።

ባለፈው ዓመት ደሞዜ ተቋረጠ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ማዳም «ቡክራ» (ነገ) ትለኛለች፤ ቡክራዋ ግን አያልቅም። ልጠይቃት ወይስ ልተወው እያልኩ ስጨነቅ፣ አንድ ሌሊት ገለጥኩ። ዘፀአት 14፥14 ወጣልኝ። «እግዚአብሔር ስለ እናንተ ይዋጋል፥ እናንተም ዝም ትላላችሁ።» አለቀስኩ። በቃ፣ መልሴ መጣ አልኩ። ዝምም አልኩ።

አራት ወር ሞላ። አገር ቤት ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ቤት ዋለ። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ተቆጣችኝ። «ዝም በይ ያለሽ ማነው?» አለችኝ። «እግዚአብሔር» ልላት ፈለግኩ፣ ግን ከአፌ አልወጣልኝም።

እግዚአብሔር ዋሸኝ አልልም። አነባበቤ ላይ ግን የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ይሰማኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታነቡት? አንድ ቃል ለእናንተ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ባለ ሱቁ

እህቴ፣ ስላነበብሽው ሳይሆን ስለጠየቅሽው ነው የማመሰግንሽ። ብዙዎቻችን እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶብን በሆዳችን ይዘነው ቀርተናል።

እስቲ ያንን ምዕራፍ ከቁጥር 1 ጀምረሽ አንብቢው። ሕዝቡ የት ነው ያለው? ከፊቱ ባሕር፣ ከኋላው ፈርዖን ስድስት መቶ የተመረጡ ሰረገሎች ይዞ። ሰዉ ፈርቷል። ሙሴን «በግብፅ መቃብር አልነበረም ወይ?» እያለው ነው። ለግብፃውያን መገዛት ይሻለን ነበር እያለ ነው። ሙሴ ዝም በሉ ያለው ይህን ጩኸት ነው። ወደ ባርነት እንመለስ የሚለውን።

አሁን ከቁጥር 14 አትነሺ፣ አንድ መስመር ብቻ ውረጂ። ቁጥር 15 ላይ እግዚአብሔር ሙሴን «ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ?» ይለዋል። ከዚያ ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ ፊት እንዲሄድ ያዘዋል። አየሽ? ጣትሽ ካረፈበት በታች ያለው መስመር «ተነሡ» ይላል። መጽሐፉ አልዋሸሽም፤ ንግግሩ ሳያልቅ ነው የዘጋሽው።

ስለ ደሞዝ ደግሞ መጽሐፉ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ አለ። ዘዳግም 24፥14-15። ድሀውን ሞያተኛ፣ ወንድምህም ይሁን በአገርህ የተቀመጠ መጻተኛ፣ ደሞዙን በቀኑ ስጠው ይላል። ፀሐይ ሳይገባ። መጻተኛ ማለት አንቺ ነሽ እህቴ። ያዕቆብ 5፥4ንም ጨምሪበት፤ እዚያ የተቀማው ደሞዝ ራሱ ይጮኻል።

እኔም ተሳስቼ ነው የተማርኩት። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን (ፊልጵስዩስ 4፥13) ሱቄ በር ላይ ለጥፌ፣ ሳልመክር ሁለተኛ ሱቅ ከፈትኩ። በስምንት ወሩ ተዘጋ፤ ዕዳው ግን እስካሁን አለ። ከወደቅኩ በኋላ ነው ከፍ ብዬ ቁጥር 12ን ያነበብኩት። ጳውሎስ እዚያ ስለ ንግድ አያወራም። መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ነው የሚለው። ደብዳቤውን የጻፈው ደግሞ ታስሮ ነው። ቃሉ የእኔም ነበር፤ ግን ለመክፈቻው ቀን ሳይሆን ለመዝጊያው ቀን።

ስለዚህ አሁን አንድ ቁጥር ልቤን ሲነካው ቶሎ አልነሣም። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ምን ደርሶባቸው? ይህን ሳላውቅ ገንዘብ የሚነካ፣ ትዳር የሚነካ ውሳኔ አልወስንም።

እናት ነኝ

ልጄ፣ ወንድማችን ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መጽሐፉን እንዲሁ ገለጥኩት። «አይተኛም አያንቀላፋም» የሚለው መዝሙር ወጣልኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ላጣሁ ሴት! ያን ሌሊት የተኛሁት በዚያ ቃል ነው። ይህን ስህተት ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም።

ግን ልብ በይ፤ ጠዋት ተነሥቼ መድኃኒቱን ሰጥቼዋለሁ። ሐኪሙንም ጠይቄአለሁ። መዝሙሩ አጽናናኝ እንጂ «መድኃኒቱን ተይው» አላለኝም። አንቺም የተጽናናሽበትን አትጣይው። ያን ሌሊት ብቻሽን እንዳልሆንሽ ነግሮሻል፤ ይህ እውነት ነው። ጥያቄሽን እንድትውጪ ግን አልነገረሽም።

ጎንደሬው

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ግን አያቴን አስታወሳችሁኝ። የትርጓሜ መምህር ነበሩ። ተማሪው ግዕዙን አንድ መስመር ያነባል። እሳቸው በአማርኛ ይፈቱታል። ከዚያ «አንድም» ይላሉ፣ ሌላ ፍቺ ይመጣል። እንደገና «አንድም»። ሕፃን ሆኜ አንዷ መስመር ላይ ይህን ያህል መቆየታቸው ያሰለቸኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ መስመሯን ብቻዋን ትተዋት አያውቁም። ከላይ ከምን መጣች፣ ሌላ ቦታ ማን ደገማት ይላሉ። ተማሪውም ብቻውን አይቀመጥም። ሲስት የሚያርመው አጠገቡ አለ።

እህት ዓለም፣ እኔን ያሳሰበኝ ጣትሽ አይደለም። ብቻሽን መሆንሽ ነው። ጃንደረባውም ኢሳይያስን በሰረገላው ይዞ «የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል» ነው ያለው። እሑድ ዕረፍት ካለሽ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንብቡ።

ሰላም ከቤይሩት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት እሑድ አለፈ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ዶራ አካባቢ ጓደኛዬ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ሁለታችን ጴንጤ ነን፣ አንዷ ኦርቶዶክስ ናት። ምሳ እየበላን ዘፀአት 14ን ከቁጥር 1 ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቁጥር 15 ስደርስ ያቺ የተቆጣችኝ ጓደኛዬ ጉርሻዋን ሳሕኑ ላይ መልሳ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። እኔ ያቺን ቁጥር 14 አራት ወር ሙሉ በልቤ ይዣት ዞሬአለሁ፤ ከሥሯ ያለውን ግን አንድ ቀን አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት ወራቱን በወረቀት ጻፍኩ። የማዳምን ቡና ሳቀርብ ወረቀቱንም አስቀመጥኩላት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልቤ ግን አልፈራም፤ «አይተኛም» የሚለውን እያልኩ ነበር የገባሁት። መጀመሪያ ተቆጣች። ማታ የሁለት ወሩን ሰጠችኝ። የቀረውን በወሩ መጨረሻ ብላ ወረቀቱ ላይ ፈረመችልኝ። ካልሰጠችኝ ከጓደኞቼ ጋር ቆንስላ እንሄዳለን። ወንድሜ ትምህርት ቤት ተመልሷል።

ትናንት ፊልጵስዩስን ጀመርን። አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነች ቶሎ እንጨርሳታለን ብለን ነበር። ገና ቁጥር 1 ላይ ተከራከርን። ጎንደሬው ወንድሜ፣ እዚያ ከዲያቆናቱ ጋር የተጠሩት «ኤጲስ ቆጶሳት» እነማን ናቸው? በአንዲት ከተማ እንዴት ብዙ ሆኑ? ሦስታችንም የየራሳችንን ይዘን ነው የተለያየነው፤ እስከ እሑድ መልስልን።