«ሶሪ እማማ»

ባና ለባሹ፦ ቅዳሜ እዚሁ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሼ ነበር። አንድ ጎረምሳ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ድንኳን ገባ፤ ልጃቸውን የቀበሩትን እናት ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸውና «ሶሪ እማማ» አላቸው። እማማ ቀና ብለው አዩትና «ምን አጠፋህ ልጄ?» አሉት። ድንኳኑ ጭጭ አለ። «እግዜር ያጥናዎት» ማለት ስንት ብር ያስከፍላል? የቃል ድሃ ሆነን ቀረን እኮ!

የጣርማበር ጉም፦ ልጁ ምን አጠፋ? በእንግሊዝኛ ሰው ሲሞት የሚባለው እሱው ነው። ፊልም አታይም እንዴ?

ባና ለባሹ፦ እኔማ አያለሁ። እማማ ናቸው የማያዩት። እሳቸው ሶሪን የሚያውቁት የሰፈር ልጅ በኳስ መስኮት ሰብሮ ሲሮጥ ነው።

መምህሩ፦ 20 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁና ትንሽ ልበል። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ነበር፤ ልቡ የቆሰለ፣ ያዘነ ማለት ነው። «ሶር» ከሚሉት ቁስል ጋር ስሩ አንድ ነው። ሀዘኑ ነው የፊተኛው፣ ይቅርታው በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳያውቀው የጥንቱን ተናገረ።

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፦ መምህር፣ ሀዘን ማለት ከሆነው «ሶሮው» አይደል እንዴ የመጣው?

መምህሩ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ስራቸው ግን ለየብቻ ነው። በድምፅ ተቀራረቡና ሶሪም «ኦ»ን ከሶሮው ወሰደ።

ባና ለባሹ፦ መምህር አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ እማማ የጥንቱን እንግሊዝኛም አልተማሩም።

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፦ «የቃል ድሃ» ላልከው ግን ድሃው እንግሊዝ ነው። ለሞተም ሶሪ፣ እግር ለረገጠም ሶሪ፣ ላልሰማም ሶሪ። ጭራሽ ግድግዳው ለፈረሰ ቤትም «ሶሪ ስቴት» (አሳዛኝ ሁኔታ) ላይ ነው ይላሉ። እኛ ለክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር»፣ ለሙስሊሙ «አላህ ይርሀመው»፣ ለወደቀ «እኔን»፣ ለታመመ «እግዜር ይማርህ» እያልን እንዴት ነው ድሃ የምንባለው?

ባና ለባሹ፦ ጎተራው ሙሉ ሆኖ የሚዘግን ሲጠፋ ያው ድህነት ነው።

ነርሷ፦ ናይሮቢ ለስልጠና ሄጄ ደረጃ ላይ አዳለጠኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት ከማዶ ሆና «ሶሪ» አለችኝ። አንቺ ምን አደረግሽኝ ልላት ምንም አልቀረኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ በስዋሂሊ «ፖሌ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ማለቷ ነው። የእኛ «እኔን» በሉት።

የመሀል ሜዳዋ፦ እኔንን ከሶሪ ጋር አታወዳድሪብን! «እኔን ይድፋኝ» ማለት በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ነው። ሶሪ ብሎ የወደቀልሽ ማን አለ?

ነርሷ፦ አንቺስ እኔን ስላልሽ ስንቴ ወደቅሽ?

የመሀል ሜዳዋ፦ የመንዝ ሰው ቃሉን አክብሮ ነው የሚናገር። 130 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባን የሚያሸት የደብረ ብርሃን ልጅ ይሄ አይገባውም።

የጣርማበር ጉም፦ ይኸው ተጀመረ። እናንተማ አማርኛን በባና ጠቅልላችሁ አስቀመጣችሁት፤ እንዳይበርደው።

ባና ለባሹ፦ ባናውን ተውት!

ጡረተኛው፦ ቀልዱን ተዉትና ይቺ ቃል መንግሥታትን አጨቃጭቃለች። በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የአሜሪካ ሰላይ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ሃይናን ደሴት አጠገብ ተጋጩ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ 24ቱ አሜሪካውያን ቻይና ላይ ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ጠይቁ አለች። አሜሪካ «ቬሪ ሶሪ» ሁለቴ ያለበት ደብዳቤ ጻፈች። ቻይና ለሕዝቧ ይቅርታ ጠየቁን አለች፤ አሜሪካ አዘንን አልን እንጂ ጥፋት አላመንንም አለች። ሰዎቹ ተለቀቁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፦ እማማ ቻይና፣ ልጁ አሜሪካ ሆኑ በለኛ 😂

ጠበቃው፦ ኦንታሪዮ የሚባለው የካናዳ ክልልማ በ2009 ሕግ አውጥቶበታል። ሰው ሶሪ ስላለ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ ብሎ አይይዝበትም። እዚያም ሐኪሙ በሽተኛውን ሶሪ ለማለት ይፈራ ነበር ማለት ነው።

ባና ለባሹ፦ እኛ ጋ ሕግ አያስፈልግም። አንድ መሥሪያ ቤት 3 ወር አመላልሶኝ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ሁልጊዜ «ሶሪ፣ ሲስተም የለም» ትለኛለች። ጥፋት አመነች ብዬ ልክሰሳት?

ነርሷ፦ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። «ይቅርታ» የመጣው «ቀረ»፣ «ይቅር» ከማለት ነው፤ አንተ ተውልኝ ብዬ ካንተ እለምናለሁ። «ያጥናህ» ሲባል የሚለመነው እግዜር ነው። ሶሪ ግን ማንንም አይለምንም፤ የራሴን ልብ ነው የምነግርህ። እኛ ቃሉን ስናስገባ ጥፋቱን ብቻ ይዘን ሀዘኑን ኬላ ላይ ጣልነው። እማማ ጥፋቱን ሰሙ፣ ልጁ ሀዘኑን ተናገረ።

ባና ለባሹ፦ ኬላው የት ነው? ጣርማበር ዋሻ ውስጥ?

የጣርማበር ጉም፦ መጀመሪያ አማርኛህን ጠይቅ። ታክሲ ውስጥ ስትሹለከለክ «ይቅርታ» የምትለው ማንን በድለህ ነው? ሰዓት ስትጠይቅስ? የእኛውም ቃል ከጥፋት ወጥቶ ከተማ ለከተማ እየዞረ ነው፤ ማንም አልተቆጣውም።

የመሀል ሜዳዋ፦ መንዝ ውስጥ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ እንደምን ዋልሽ ነው የሚል።

የሟች ጎረቤት፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የሟች አብሮ አደግ ነው። ኮፍያውን ያላወለቀው በሀዘን ራሱን ተላጭቶ ነው። ሦስቱንም ሌሊት ድንኳን ውስጥ ነው ያደረ።

ባና ለባሹ፦ ታዲያ ራሱን እስከ መላጨት ያዘነ ሰው ለሟች እናት ሶሪ ይላል? ይሄማ ጭራሽ ባሰ።

የጣርማበር ጉም፦ አሁን ደግሞ ፀጉሩም ጥፋት ሊሆን ነው። ጠለቅ ተብሎ መታየት ያለበት ኮፍያው ነው ወይስ ቃሉ?

ባና ለባሹ፦ ይቅርታ፣ አልገባኝም። ለማን ነው የመለስከው?

የጣርማበር ጉም፦ ምን አጠፋህ ልጄ?