ላፕቶፕ መግዛት የልጅን ውጤት ያሻሽላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ ላፕቶፕ ካልገዛችሁልኝ ብላ ይዛናለች። ለእኛ ቀላል ብር አይደለም። እውነት ውጤቷን ይለውጠዋል?

የሒሳብ መምህር፦
እቃው ብቻውን አይለውጥም። ፔሩ ለገጠር ተማሪዎች ላፕቶፕ በገፍ አደለች፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ግን በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። በሌላ በኩል ዴልሂ ውስጥ ማይንድስፓርክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ልጁ የቱ ጋ እንደደረሰ አይቶ ከዚያው ደረጃ ጥያቄ ይሰጠዋል፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተጠቀሙበት ልጆች በ4 ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብና በሂንዲ በደንብ ተሻሽለዋል። ስለዚህ ምን ትሠራበታለች የሚለውን አስቀድሙ።

የፕላዝማ ትውልድ፦
መምህር ልክ ነዎት። እኛ በፕላዝማ ነው የተማርነው። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ ቁም አይባል፣ ያልገባህን አትጠይቀው፤ መብራት ከጠፋማ ክፍለ ጊዜው ሄደ። አስተማሪው ጥግ ቆሞ ያየን ነበር፣ እሱ ቢያስረዳን ስንት ነገር በገባን!

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ለፈተናው ራሱ ግን መለማመድ የለባትም?

የሒሳብ መምህር፦
አለባት እንጂ። ማውዝና ኪቦርድ ለመልመድ ግን የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ይበቃታል፣ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ጠይቁላት። ከገዛችሁም ያገለገለ ይሁን፣ ባትሪውን ግን አደራ ፈትሹ።